ሽምብራ ወይም ባቄላ

ዓባይ ማዶ የገባሁት በትዳር ነው። ናዝሬት ተወልጄ ያደግኩ ሴት፣ ጎጃሜ ባል ተከትዬ መጣሁና ይኸው ልጆቼ በአነጋገሬ እየሳቁብኝ አደጉ። ገና የቤት ዕቃ ሳናሟላ አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ማንኪያው ይደርሳል፤ እድሩ ነው የማይቆይ" ብለው እጄን ይዘው እድር አስመዘገቡኝ። ያኔ በሆዴ ሳቅኩባቸው። አዲስ ሙሽራ ስለ ቀብሯ ምን አስጨነቃት?

አሁን አልስቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ጆሮዬን መጣል ነው። በሰፈራችን ሰው ከሞተ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሊነጋጋ ሲል ከዓባይ ድልድይ በኩል ይጀምርና እየነፋ፣ እየቆመ፣ የሟቹን ስም እየጠራ በየመንገዱ ያልፋል። ሽማግሌ ነው፤ ትንፋሹ እያጠረ ስለመጣ ድምፁ መሀል ላይ ይቆረጥና እንደገና ይቀጥላል። ያቺ የሚቆረጥባት ቦታ ታስፈራኛለች። ተኝቼ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ አዳምጣለሁ፤ የማን ቤት ይሆን እያልኩ። ካልተሰማ ተመስገን ብዬ እነሳለሁ።

እድራችን መዋጮው እኩል ነው። ባለ ፎቁም ባለ ጭቃ ቤቱም ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ያቺኑ ይከፍላል፤ ሲሞትም ያው ድንኳን ይተከልለታል፣ ያው አግዳሚ ይወጣለታል፣ ያው ጡሩምባ ይነፋለታል። ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። ይህ ሕግ ሲጻፍ ማንም ሰው ሦስት ወር ሙሉ መክፈል ያቅተዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የሚሰረዘው ሰፈር የለቀቀ ወይም ሰው የናቀ ብቻ ነበር።

ከዚያ ግጭቱና ያ ሁሉ መጣ። መንገድ ይዘጋል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ባጃጅ ቁም ይባላል። ዛሬ ተከፈተ ሲሉህ ነገ ይዘጋል። ጣና ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች ወንበራቸውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ከረሙ። እንግዳ ከሐይቁ ቀረ። እምቦጩ ብቻ አልቀረም፤ ውሃው ላይ አረንጓዴ ምንጣፉን እያነጠፈ በየቀኑ ወደ ዳር ይጠጋል። አመሻሽ ላይ ከድልድዩ ሥር ጉማሬው ሲያጓራ ድሮ ልጆቹ ይስቁ ነበር። አሁን የባጃጅ ድምፅ በሌለበት ጸጥታ ሲሰማ በር እንዘጋለን።

ከሁሉም በላይ የተጎዳው ጀልባ ነጂው ጎረቤታችን ነው። ሰውየው ቱሪስት ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ያመላልስ ነበር። ሥራው ደህና በነበረበት ዘመን እጁ እርጥብ፣ አፉ ደግሞ ስድ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም አልወደውም ነበር። የሰው ቀብር ይቀርና ቅጣቱን እየሳቀ ይከፍላል። "ቅጣት ምንድን ነው? የአንድ ፈረንጅ ሒሳብ ነው" ይል ነበር፣ ሰው ሁሉ እየሰማው። ይህችን ቃል ሰፈሩ እንደ ውርስ ዕቃ አስቀመጣት። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ዳር ላይ ሲገለበጥ፣ ኋላም እሱ ራሱ በኩላሊት ሕመም ፊቱና እግሩ አብጦ ሲተኛ፣ የሚያዝንለት ሰው እንኳ ካዘነ በኋላ ያቺን ቃል ያነሳል።

ሚስቱ ግን ሌላ ሰው ናት። በለቅሶ ቤት ቀድማ ደርሳ ጓዳ የምትገባ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ ድስት አጥባ የምትወጣ ሴት። አማቴ ሲያርፉ ገላቸውን አጥበው ከገነዟቸው ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች። ባሌ ያን ቀን ደጅ ቆሞ ሲያለቅስ እጇን እያደራረቀች ወጥታ፣ "ተኝተዋል እኮ፤ አያስፈሩም፤ ግባና ሳማቸው" አለችው። ገብቶ ሳማቸው። ይህን እስከ ዛሬ ይናገራል።

እንግዲህ የእነሱ ቤት መክፈል አቆመ። ሁለተኛው ወር አለፈ። ሰውየው ደግሞ ከወር ወደ ወር እየከበደ ነው። ሴትየዋ የሰው ልብስ እያጠበች የምታገኘው ለመድኃኒቱ አይበቃም። ከተሰረዙ እንደገና ለመግባት እንደ አዲስ ሰው ብዙ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሰውየው መሞቱ አይቀርም፣ የቀረው ጥያቄ በእድር ይቀበራል ወይስ ያለ እድር የሚለው ነው። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ የለም እንጂ ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። በመንገድ ስታገኘኝ ስለ ባሏ ጤና ስጠይቃት "ተመስገን" ትልና ስለ እድሩ ስብሰባ ቀን ትጠይቀኛለች።

ሐሳቡን ያመጣው ባለ ፎቁ ነው፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው። ያለው ጨምሮ ይክፈል፣ ያነሰው እስኪያገግም በሌላው ይሸፈን፣ ሰውም አይሰረዝ አለ። ሰው ሁሉ "ይበል" አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያለ ያልተናገረ አልነበረም። ውሳኔው ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ። ምነው ያኔውኑ በጨረስነው።

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ወሬ ይሄድ ጀመር። ነጋዴው ለምንድን ነው ብዙ ልክፈል የሚለው? ነገ እድሩን የራሱ ሊያደርገው ነው አሉ። ደግሞስ የሰው ገቢ በምን ይለካል? በቆርቆሮው ነው? በበሩ ቀለም ነው? ቤቴ ውስጥም ይኸው ነገር ገባ። ባሌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ እኔ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ነኝ። ሁለታችንም ደሞዝተኞች ነን፤ ከእጃችን ሳይገባ ግብር የሚቆረጥብን።

"የኔ ደሞዝ ሳንቲሙ ሳይቀር በወረቀት ያለ ነው" አለኝ ባሌ። "የሱን ትርፍ ማን ያየዋል? እኔ ካለችኝ ላይ ስጨምር ማንም አይቆጥረኝም፤ እሱ ከትርፉ ፍርፋሪ ሲጥል ቸር ይባላል። ይህን ነው ፍትሕ የምትይኝ?"

እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀናኛል። ስለ ነጋዴው አልጠየቅኩህም፣ የእናትህን ገላ ያጠበችውን ሴት ነው የማወራህ አልኩት። ዝም አለ። ራት ሳይጨርስ ተነሳ። ነገሩን ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ ዝም ያሰኘሁትን ሰው ሁሉ ያሳመንኩት ስለሚመስለኝ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ቤት በምንለው ቆርቆሮ አዳራሽ ተሰበሰብን። ድንኳኑ ተጠቅልሎ በአንድ ጥግ፣ አግዳሚዎቹ ተደራርበው በሌላው ጥግ፤ እኛ መሀል። ውዝፍ ያለበት ሰው ድምፅ ስለማይሰጥ የጀልባ ነጂው ሚስት ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በሩ በደንብ ስለማይገጥም የነጠላዋ ጥለት በክፍተቱ ይታየኛል።

እንደገና ሁሉም እየተነሳ ደግ ተናገረ። አንድ ሰው እንኳ እቃወማለሁ አላለም። እጅ እናውጣ ሲባል የእድሩ ዳኛ፣ ማለት ሰብሳቢያችን፣ እጁን አወዛወዘ። እጅ ከወጣማ ሁሉም በይሉኝታ ያወጣል፣ ኋላ ቅሬታው በእኔ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሳይተያይ ይወስን አለ። ለዚህም ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ማድጋ አስቀምጦ አፉን በነጠላ ሸፈነው። ለእያንዳንዳችን አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ ታደለን። ይሁን ያለ ሽምብራውን ከነጠላው ሥር ይጥላል፣ አይሁን ያለ ባቄላውን። የተረፈው በር አጠገብ ባለ ከረጢት ይገባል፣ ለጡሩምባ ነፊው ዶሮዎች። ስትወድቅ ድምፅዋ እንዳይለይ ማድጋው ውስጥ ከሐይቁ ዳር የመጣ አሸዋ ተደርጎበታል። በእድራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። እኛ የምንወስነው ፊት ለፊት እየተያየን፣ እየተሳቀቅን፣ በመጨረሻም "እሺ ይሁን" እየተባባልን ነበር።

የሰፈሩ ንስሐ አባት ብድግ አሉ። ቤተሰባቸው ከአባት እስከ አያት የሐይቁን ቤተ ክርስቲያን ያገለገለ ነው፤ እሳቸው ሲነሱ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

"ልጆቼ፣ እጁን የሰወረ ሰው ልቡንም ይሰውራል" አሉ። "መተፋፈሩ ይሻላችሁ ነበር። ሰውን ሰው ያደረገው እሱ ነው።"

ዳኛው በአክብሮት፣ "አባታችን፣ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ግን ሰው በነፃነት ይወስን ብዬ ነው እንጅ" አላቸው። ነፃነት የሚለውን ቃል ማን ይቃወማል? እሳቸውም መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ተራ በተራ ሄድን። ባሌ ከፊቴ ነበር። እጁን ከነጠላው ሥር ሲያስገባ ጀርባውን ብቻ አየሁ። ሰውን ስንት ዓመት አብረኸው ብትተኛ ጀርባው ምንም አይነግርህም። ተራዬ ሲደርስ ሽምብራዬን ጣልኩ። አሸዋው ዋጠው፤ ምንም አልተሰማም።

ሁሉም ጨርሶ ሲቀመጥ ጡሩምባ ነፊው ማድጋውን ወደ ወንፊት ገለበጠ። ነቀነቀው፤ አሸዋው እየወረደ አቧራው ተነሳ። የቀረውን ለማወቅ መቁጠር አላስፈለገም። ወንፊቱ ላይ ባቄላው ተከምሯል፤ ሽምብራው እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብሏል።

ሁሉም ደግ ተናግሯል፣ ታዲያ ይህን ባቄላ ማን ጣለው? አንዱ ሌላውን ማየት ፈርቶ ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። ነጋዴው አጭር ሳቅ ስቆ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ውጭ ላለችው ሴት የሚነግር ሰው ጠፋ። በመጨረሻ አባ ራሳቸው ወጡ። በክፍተቱ ነጠላዋ ብድግ ሲል፣ ወደ መስቀላቸው ጎንበስ ሲል አየሁ። ከዚያ ክፍተቱ ባዶ ሆነ።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆነ። ሰላምታው ረዘመ፤ ጨዋታው አጠረ። ጎረቤት እሳት ሲለምነኝ ፊቱን አጠናለሁ። እኔም እየተጠናሁ እንደሆነ ይሰማኛል። ባሌን አልጠየቅኩትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው ስል እዋሻለሁ፤ ፈርቼ ነው።

አንዲት ሴት ብቻ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ከቆጋ መስኖ ድንችና ሽንኩርት እያስመጣች መንገድ ዳር የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሽንኩርቷ መኪና ላይ እንዳለ በስብሶባታል። ስለዚህ ከማንም በፊት ለማካፈል ትቆማለች ብዬ ነበር። ድንች እየመዘነችልኝ፣ ከሚዛኑ ቀና ሳትል ጀመረች።

"ባቄላ ነው የጣልሁ፣ እትየ። ከሰው ሳይሆን ከኔ ስሚው። እኔ ሽንኩርቴ የበሰበሰ ጊዜ ልጆቼን ቆሎ አብልቼ አስተኝቼ ነው የእድሩን የከፈልሁ። ማን አየኝ? ማን አይዞሽ አለኝ? እሱ ባለው ጊዜ በለቅሷችን ሲስቅ ኖሮ አሁን የሱን ቀዳዳ እኔ ልድፈን? ሴትየዋ ታሳዝነኛለች። ግን እንዲያው ዝም ብሎ ከተሸፈነላቸው የኔ መራብ ምን ሊባል ነው? ሞኝነት ነው የሚባል።"

ሰፈር ውስጥ ክፉ ሰው እየፈለግኩ ነበር የከረምኩት። ያገኘሁት ልጆቿን ቆሎ አብልታ ያስተኛች ሴት ነው። ድንቹን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ስሄድ ከበፊቱ የበለጠ ፈራሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ይገሠጻል። ጥርሱን ነክሶ የከፈለን ሰው ሁሉ ማን ይገሥጻል?

ሦስተኛው ወር ሞላና ተሰረዙ። ክረምቱ እንደገባ አንድ ቀን ንጋት ላይ ዋይታ ሰማን። ከየት እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገንም። ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ማድረግ ጀመረ። አንዱን አደረገና ቆመ፤ ጆሮውን ወደ ድልድዩ ጣለ።

"ጡሩምባው ምነው ዘገየ?" አለ።

አየሁት። እሱም አየኝ። "አይነፋም" አልኩት። ሁለተኛውን ካልሲ በእጁ ይዞ ብዙ ቆየ።

ለቅሶው ላይ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ይህን ነው ልረሳው ያልቻልኩት። በእድር ከተቀበሩት ሁሉ የበለጠ ሰው መጣ፣ ያውም ያለ ጡሩምባ። የፕላስቲክ ወንበር ከየቤቱ ተሸክመው መጡ፤ ወጥ በየድስቱ መጣ። አትክልት ሻጯ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ቀን ለማንም አልገደደም። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን በጋቢው ሥር ይዞ መጥቶ አንድ ጥግ ቆመ፤ ለምን እንደያዘው አላውቅም። ከቀብር መልስ ዝናቡ ወረደብን። ድንኳን የለም። ሽማግሌዎቹ ላይ፣ ቆሎው ላይ፣ ሁላችን ላይ ወረደ። አንድ ሰው ለዳኛው ምናለ ድንኳኑን ብናወጣው አለው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እሱም እንባው እየወረደ፣ "ሕጉን ያጸናችሁት እናንተው ናችሁ" አለ። በዝናቡ ውስጥ ተቀመጥን።

የሟቹ ሚስት ደጃፏ ላይ ቆማ የሚሰናበተውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እያቀፈች ሸኘች። እኔን ስታቅፈኝ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

"ያንችን ሽምብራ አውቀዋለሁ፣ እትየ። እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ።

እንዴት እንዳወቀች አልገባኝም፤ ግን ደስታ ቢጤ ተሰማኝ። በዚያ ሁሉ ባቄላ መሀል የኔ ታይቶልኛል አልኩ። ነጠላዬን ለመጭመቅ ከበሩ ጎን ቆም ስል ከኋላዬ አትክልት ሻጯ ደረሰች። ሴትየዋ አቀፈቻት። "ያንችን ሽምብራ አውቀዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ስትላት ሰማሁ። የዚያች ሴት ለቅሶ እንደተቆረጠ ክር ጸጥ አለ። ቀጥሎ ዳኛው መጣ፤ ያችኑ ነገረችው። ከዚያ የሚቀጥለውን፣ ከዚያም የሚቀጥለውን። ምስኪን ሆና እውነት ሁሉም ሽምብራ የጣለላት መስሏት ይሁን፣ ወይም ለእያንዳንዱ ቤቱ ድረስ የሚወስደውን ልትሰጠው ይሁን፣ ፊቷን ባየውም አልለይ አለኝ። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

ባሌ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። እሱን ከሁላችንም አስረዝማ ያዘችው።

በዝናብ ርሰን ወደ ቤታችን ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ጠየቅኩት። "ምን አለችህ?"

"አመሰገነችኝ" አለ። ራትም አልበላም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነቃ እሱ ቀድሞኝ ነቅቶ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ጆሮውን ጥሎ አገኘዋለሁ።

መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። ባለፈው ቅዳሜ ድንች ልገዛ ስሄድ አትክልት ሻጯ ፊት ከጥቂት የደረቀ ነጭ ሽንኩርት በቀር ምንም አልነበረም። ሁለተኛ ወሯ ነው፣ አልከፈለችም። ትንሿ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ ትስላለች። ሰው እስኪያልፍ ጠበቀችና ቀና ብላ አየችኝ።

"እትየ፣ የኔ ተራ ሲደርስ ሽምብራ ትጥይልኛለሽ?"

"እጥልልሻለሁ" አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ግን እንዳላመነችኝ አየሁ።